የተቀመጠውን አቅጣጫ ማን ያንሳው?

እንደምን አደራችሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼ።

ስለ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። እንቅልፍ የሚያመጣ ርዕስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

ብዙዎቻችን የምንጽፈው ለፋይል ነው። «ነገ ማስረጃ ይሆነናል» እንላለን። አይከፋም። ግን ያ ወረቀት መጀመሪያ የሚደርሰው ባለጉዳይ ፊቱ ለቆመበት ሠራተኛ ነው። እሱ ደግሞ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምን ላድርግ?

እስቲ ይህን ስሙት። ናሙናው የራሴ ነው፤ ዘመዶቹን ግን ታውቋቸዋላችሁ። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በክፍላችን የሚስተዋለውን የኮምፒውተር እጥረት ከመቅረፍ አኳያ አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

«ለመግለጽ እንደተሞከረው» ሲል እውነቱን ነው፤ ሙከራ ብቻ ነው! ስንት ኮምፒውተር? ለመቼ? አንባቢው ስልክ ደውሎ ካልጠየቀ አያውቅም። ከደወለ ደግሞ ደብዳቤው ምን ሠራ?

አሁን ይህን ስሙ። «ጉዳዩ፦ 3 ኮምፒውተር ስለመጠየቅ። ለገንዘብ ተቀባዮቻችን 3 ኮምፒውተር እስከ ጥር 15 እንድትልኩልን እንጠይቃለን። የነበሩት ስለተበላሹ ደረሰኝ በእጅ እየጻፍን ነው፤ ከፋዮችም ተሰልፈው ይውላሉ።» አክብሮቱ አልጎደለም። «ከሰላምታ ጋር» እንደሆነ ከታች አለ።

ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ ይብሳል። «ክፍተቱ በአፋጣኝ እንዲታረም አቅጣጫ ተቀምጧል።» ማን ያርመው? ሁላችንም፤ ማለትም ማንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ያው አጀንዳ ተመልሶ ይመጣል። እኔ እንደሚመስለኝ እንዲህ የሚጻፈው አማርኛ ስለጠፋ አይደለም። ስም ከተጻፈ ተጠያቂ ስለሚኖር ነው። የሥራ መደቡንና ቀኑን ጻፉበት። ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም፤ ይበለው።

በከተማችን በጎንደር ደግሞ እንግዳ ስለማይጠፋ ሰዓትና ቀን ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሆቴልና አስጎብኚ ድርጅት የምትሠሩ ይገባችኋል። «በ3፡00 እንገናኝ» ብላችሁ ለውጭ አገር ሰው ከጻፋችሁ፣ እናንተ ጠዋት ስትጠብቁ እሱ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይመጣል። «5/3» ለእኛ ኅዳር 5 ነው፤ ለእሱ ግን ወይ ማርች 5 ወይ ሜይ 3። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት በሉ፣ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለዩ። ለሚያነበው ሰው በራሱ አቆጣጠር ብትጨምሩለት ደግሞ እሰየው።

ጎንደር ለጽሕፈት ሥራ አዲስ አይደለችም። ፋሲል ግቢ ውስጥ ከ1667 እስከ 1682 እ.ኤ.አ. የነገሡት የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት ዛሬም ቆመዋል። በቤተ መንግሥት ጸሐፌ ትእዛዝ ትልቅ ማዕረግ ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ለሚጽፍ ሰው እያንዳንዷ ቃል ድካም አላት። እኛ ደግሞ ኮፒ አድርገን እንለጥፋለን፤ ያምናውን ደብዳቤ ቀን ቀይረን የምንልክም አለን።

በሉ አሁን ከየቢሮአችሁ ይዛችሁ የመጣችሁትን ደብዳቤ አውጡ። የሰው ስም ካለበት ሸፍኑት። ከሌላ መሥሪያ ቤት ለመጣ ሰው ስጡና አንዴ ብቻ ያንብበው። ከዚያ ወረቀቱን ተቀበሉትና «ምን አድርግ ተባልክ?» ብላችሁ ጠይቁት። እናንተ ግን እንዳታስረዱት፤ ደብዳቤው ሲሄድ አብራችሁት አትሄዱም።