የንቅለ ተከላ መድኃኒት ልኬትና ሳይነገር የሚዋጥ ማስታገሻ

(ምስል፦ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ)

ኩላሊት ከዘመዳቸው ተቀብለው ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንድ አባት አሉ እንበል። ወገባቸውን ሲያማቸው ከሰፈር ፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝተው ለ5 ቀናት ዋጡ፤ ከዚያም ለክትትል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ ደም ሰጡ። የንቅለ ተከላ መድኃኒታቸው የታክሮሊመስ መጠን በደማቸው ውስጥ እንደወትሮው ሆኖ ሳለ፣ ክሬቲኒናቸው (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው፣ ሲጨምር የኩላሊት መድከምን የሚጠቁም ቆሻሻ) ከ1.2 ወደ 1.8 ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለ ወገባቸው የጠየቃቸው የለም፤ እርሳቸውም የወገብ ሕመም ከኩላሊት መድኃኒት ጋር ይገናኛል ብለው ስላላሰቡ አልተናገሩም።

(ምስል፦ የደም ናሙና ብልቃጥ)

ታክሮሊመስ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ሲያንስ ኩላሊቱን ለጥቃት ያጋልጣል፤ ሲበዛ ደግሞ ኩላሊቱን ራሱ ይጎዳል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው የሚለካው ስለዚህ ነው። ደሙ የሚቀዳው ቀጣዩ ኪኒን ከመዋጡ በፊት በመሆኑ፣ ማታ 2 ሰዓት የወሰደ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የጠዋቱን ሳይውጥ ይቀዳል። ሐኪሙ ይህንን ልኬት ከክሬቲኒን ጋር ጎን ለጎን ያነባል።

(ሥዕላዊ መግለጫ፦ የኩላሊት ማጣሪያና ደም የሚያስገባው ቀጭን ሥር)

ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባው ቀጭን ሥር ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚረዳው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ሕመም የሚያስታግሱት የዚህኑ ንጥረ ነገር መመረት በመከልከል ሲሆን፣ ታክሮሊመስም በበኩሉ ያንኑ ሥር ያጠብበዋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ወደ ማጣሪያው የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ በደም ውስጥ ያለው ክሬቲኒንም ከፍ ይላል። ስለ ማስታገሻው ያልሰማ ሐኪም ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት ጀመረ ብሎ ሊጠረጥርና ናሙና በመርፌ ከኩላሊቱ እንዲወሰድ ሊያዝ ይችላል፤ ወይም ታክሮሊመሱ በዛ ብሎ መጠኑን ቢቀንስ፣ ጥፋት የሌለበትን መድኃኒት አሳንሶ ኩላሊቱን ለእውነተኛው ጥቃት ያጋልጠዋል። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ሁለተኛው ስሕተት ነው። ዳይክሎፌናክ በመርፌ ቢሰጥም ጉዳቱ አይለወጥም፤ ብዙ ሰው ግን መርፌን «የወሰድኩት መድኃኒት» ብሎ አይቆጥረውም።

ሜታሚዞል፣ በሌላ ስሙ ዲፓይሮን ወይም ኖቫልጂን፣ የሚያደናግረው በሁለት አቅጣጫ ነው። በአንድ በኩል መድኃኒት የሚያፈራርሱ የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያበረታ፣ ታማሚው አንድም ኪኒን ሳይዘል በደሙ ውስጥ ያለው ታክሮሊመስ ወይም ሳይክሎስፖሪን የሚባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ሊወርድ ይችላል። በሌላ በኩል በአንዳንድ ላቦራቶሪዎች ክሬቲኒንን ለመለካት የሚያገለግለውን የቀለም ለውጥ ስለሚያዳክም፣ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። መከላከያው እየሳሳ፣ ወረቀቱ ግን ኩላሊቱ ደህና ነው ሊል ይችላል ማለት ነው። ዘመድ ከውጭ አገር ይዞ የመጣውን ማስታገሻ ስሙን ሳያነቡ መዋጥ ስለዚህ አይገባም።

(ምስል፦ ደሴ ውስጥ ያለ ፋርማሲ ባንኮኒ)

ለቀላል ሕመም በአብዛኛው የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፤ መጠኑን ግን ሐኪምዎ ይወስን። ትኩሳት ከመጣ ደግሞ በፓራሲታሞል አብርደው ዝም አይበሉ፤ የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት ለተገታ ሰው ትኩሳት የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለሕክምና ቡድንዎ ያሳውቁ። ለልብ ተብሎ በሐኪም የታዘዘልዎትን አነስተኛ አስፕሪንም በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።

ፋርማሲ ሲገቡ ማስታገሻውን ከመጠየቅዎ በፊት ኩላሊት የተተከለልዎት መሆኑን ይናገሩ። ደም ለመስጠት ሲሄዱም፣ ጠየቁዎትም አልጠየቁዎትም፣ ባለፉት ሳምንታት የወሰዱትን ማስታገሻ ስም፣ ስንት ጊዜ እንደወሰዱና የመጨረሻውን የዋጡበትን ቀን ይንገሯቸው። ስሙ ከጠፋብዎት የኪኒኑን ባዶ ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።