አቴንስና ስፓርታ፦ ጦሩን ማን ይቀልበው ነበር?

የተከበራችሁ የታሪክ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፦

አቴንስና ስፓርታ ሲነሱ አንዷ የፈላስፎች አገር፣ ሌላዋ የወታደር ሰፈር ሆና ትታየናለች። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ከ431 እስከ 404 ለምን እንደተዋጉና ድሉ ለምን ወደ ስፓርታ እንዳዘነበለ አያስረዳንም። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን በቀለብ በኩል እንየው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።

የስፓርታ ዜጋ በሰባት ዓመቱ ከቤት ወጥቶ በመንግሥት ሥልጠና ያድጋል። ሚስት ቢያገባም እስከ 30 ዓመቱ የሚያድረው ከጓዶቹ ጋር ነው። አያርስም፣ አይነግድም። ራቱን የሚበላው በማኅበር ገበታ ሲሆን በየወሩ መዋጮ አለበት። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ መጠኑን ጽፎልናል፦ አንድ ሜዲምኖስ የገብስ ዱቄት (ከ50 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ)፣ ስምንት ኮይ (የፈሳሽ መለኪያ) ወይን፣ አምስት ሚና (የክብደት መለኪያ) አይብ፣ ሁለት ሚና ተኩል በለስ። መዋጮውን መክፈል ያቃተው ሰው የዜግነት መብቱን ያጣል። አሪስቶትል ይህን ከሥርዓቱ ትልልቅ ጉድለቶች አንዱ አድርጎ ነቅፎታል፤ ትችቱም ትክክል ነበር። መሬቱ በውርስና በጥሎሽ በጥቂቶች እጅ በገባ ቁጥር መዋጮ የሚያጥረው ሰው በዛ። በ480 ወደ 8,000 ይደርሱ የነበሩት ዜጎች በአሪስቶትል ዘመን ከ1,000 በታች ወርደዋል። ጀግንነታቸውን የሚያደንቅ ሰው ይህን ቁጥር አብሮ ሊያየው ይገባል።

ገብሱን የሚያመርቱት ስፓርታ በምትገዛቸው በላኮኒያና በሜሴኒያ የነበሩት ሄሎቶች፣ ማለትም ከመሬቱ ጋር የታሰሩ ገባሮች ናቸው። ሄሎት የሚያርሰው የጌታውን መሬት ነው፤ ጌታው ግን ሊሸጠው ወይም ነጻ ሊያወጣው አይችልም፣ የበላይ ባለቤቱ መንግሥት ነውና። በየዓመቱ የሚመረጡት አምስት ኤፎሮች (የስፓርታ ከፍተኛ ሹማምንት) ሥልጣን ሲይዙ በሄሎቶች ላይ ጦርነት ያውጁ ነበር፤ ሄሎት የገደለ ሰው የደም ዕዳ እንዳይኖርበት። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚለው በ479 ፋርስን ለመውጋት በፕላቴያ 5,000 ስፓርታውያን ሲሰለፉ ከእያንዳንዳቸው ጋር ሰባት ሰባት ሄሎቶች ነበሩ። እንዲህ ያለ አገር ጦሩን አርቆና አቆይቶ ማዝመት ይፈራል። በ464 የመሬት መንቀጥቀጥ ስፓርታን ሲያፈርሳት ሄሎቶቹ ተነሱ። አቴንስ በኪሞን መሪነት 4,000 ወታደር ለእርዳታ ላከች። ስፓርታ ግን የመጡትን ጠረጠረችና ከረዳቶቿ ሁሉ እነሱን ብቻ ለይታ ወደ አገራቸው ሰደደቻቸው። አቴናውያን ይህን ንቀት አልረሱትም፤ የሁለቱ ጠብ በግልጽ የከረረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ አቴንስ ስንመጣ ነገሩ ያለው ከመርከቡ ነው። በ483 ከላውሪዮን ማዕድን ብዙ ብር ሲገኝ ብሩ ለዜጎች ይከፋፈል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የአቴንስ መሪ የነበረው ቴሚስቶክለስ መርከብ ይሠራበት ብሎ አሳመናቸው። ትሪሬም የሚባለው የጦር መርከብ 170 ቀዛፊዎችን ጨምሮ 200 ያህል ሰው ይይዛል። ለሰው በቀን አንድ ድራክማ (የብር ሳንቲም) ቢከፈል በወር 6,000 ድራክማ፣ ማለትም አንድ ታለንት ነው። መቶ መርከብ ስድስት ወር ባሕር ላይ ለማቆየት 600 ታለንት ያስፈልጋል ማለት ነው። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ በ431 ከአጋሮቿ በየዓመቱ ለአቴንስ ይገባ ነበር የሚለው ገንዘብም 600 ታለንት ገደማ ነው።

አጋሮቹ በ478 ፋርስን ለመመከት በዴሎስ ማኅበር የተሰባሰቡ ከተሞች ናቸው። ናክሶስና ታሶስ ከማኅበሩ ልውጣ ሲሉ በኃይል ተመለሱ፤ በ454 ግምጃ ቤቱ ወደ አቴንስ ተዛወረ። መቅዘፍ የድሃው ዜጋ እንጀራ ስለነበር ያው ቀዛፊ በፕኒክስ ኮረብታ ጉባኤ ድምፅ ይሰጣል፤ በዕጣ ተመርጦም ዳኛ ይሆናል። ሴቶች፣ መጻተኞችና ባሮች ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበሩ። የአቴንስን ዴሞክራሲ ከልብ አከብራለሁ። ሆኖም ጉባኤው በነጻነት ሲከራከር ወጪው በከፊል ከደሴቶቹ ኪስ ይወጣ ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር ስፓርታ የምታውቀውን አደረገች፤ የአቴንስ ገጠር ወደሆነችው አቲካ ገብታ አዝመራ አቃጠለች። ይሁን እንጂ ረዥሙ ወረራ 40 ቀን ያህል ብቻ ነው የቆየው። አቴንስ በረጃጅም ግንቦቿ ውስጥ ሆና በፒሬየስ ወደብ እህል ታስገባለች። ጉዳቱ የመጣው ከመጨናነቁ ነው፦ ገጠሬው ሁሉ ከግንቡ ውስጥ በታጨቀበት በ430 ወረርሽኝ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት የአቴንስ መሪ ፔሪክለስ ሞተ። በ425 ደግሞ ስፓክቴሪያ ደሴት ላይ የተከበቡ ወታደሮቿን ለማዳን ስፓርታ ሰላም ለመነች። በመጨረሻ ከተማረኩት 292 ሰዎች ሙሉ ዜጎቹ 120 ያህል ብቻ ነበሩ። የሰው እጥረቱ የቱን ያህል እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ሚዛኑን የገለበጠው ግን የፋርስ ገንዘብ ነው። የስፓርታ ባሕር ኃይል አዛዥ ሊሳንድሮስ በ407 የፋርሱን ልዑል ቂሮስን አግባብቶ የቀዛፊውን የቀን ደሞዝ ከሦስት ኦቦል (ስድስት ኦቦል አንድ ድራክማ ነው) ወደ አራት አስጨመረ። ያቺ አንድ ኦቦል ቀዛፊ ታስኮበልላለች፤ አቴንስ ደግሞ ካዝናዋ ተራቁቷል። በ405 የአቴንስ መርከቦች ወደብና ገበያ በሌለበት ወደ ጥቁር ባሕር በሚያሻግረው ወሽመጥ፣ በኤጎስፖታሚ ዳርቻ ሰፈሩ። ባሕረኞቹ ለስንቅ በየቀኑ ርቀው ይበተኑ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ ሊሳንድሮስ መጣባቸው፤ ከ180ው መርከብ ያመለጠው ዘጠኝ ብቻ ነው። የጥቁር ባሕር እህል ተቋረጠ፣ ከተማዋ ተራበች፣ በ404 እጇን ሰጠች። ግንቦቿ ፈረሱ፤ 12 መርከብ ብቻ ተተወላት።

ስፓርታ ግን ድሉን ማቆየት አልቻለችም። ከአሥር ዓመት በኋላ የአቴንስ ግንብ እንደገና ሲሠራ ገንዘቡን የሰጠው ያው ፋርስ ነው። በ371 በሌውክትራ ከ700 ስፓርታውያን 400ው በቴባውያን እጅ ወደቁ፤ የሚተካቸውም አልነበረም። የቴባውያኑ አዛዥ ኤፓሚኖንዳስ ጦሩን ይዞ ወረደና ሜሴኒያን ነጻ አወጣ። ገብሱን ያመርቱ የነበሩት ሄሎቶች በ369 የራሳቸውን ከተማ መሠረቱ፤ ስፓርታም ያን መሬት ዳግም አላገኘችውም።