ማየት የተሳነው ሰው ፕሌይስቴሽን እንዴት ይጫወታል?

[ድምፅ፦ የሰይፍ ግጭት በግራ ጆሮ፤ ጥቂት ዝምታ፤ ያው ግጭት በቀኝ ጆሮ]

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አሁን የሰማችሁት ሰይፍ መጀመሪያ በግራችሁ ነበር፣ ቀጥሎ በቀኛችሁ። ልዩነቱ ካልተሰማችሁ ኢርፎን አላደረጋችሁም ማለት ነው። ካላችሁ አሁኑኑ ሰኩት። የዛሬው ወሬያችን ከጆሮ ጋር ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ይህን ቪዲዮ ከሚከታተሉት መካከል ስክሪኑን የማያዩ አሉ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ሁሉ በአፌ እናገራለሁ። "እንደምታዩት" ብሎ ማለፍ ዛሬ የለም።

[ምስል፦ ጌም ቤት፣ ጅማ]

ጅማ ውስጥ ጌም ቤት መፈለግ አያደክምም። መርካቶ በሉት፣ ፈረንጅ አራዳ በሉት፣ ኮቺ በሉት፣ ከሆነ ሱቅ ጎን አንድ አይጠፋም። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ሦስት ቲቪ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር አለ። ሕጉ የታወቀ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል።

ጫፍ ላይ አንድ ልጅ አለ። በሱና በቲቪው መካከል አንድ ክንድ እንኳ የለም። ባለቤቱ "ቲቪዬን ልትውጠው ነው እንዴ? ወደኋላ በል!" ይለዋል። ልጁ ወደኋላ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አገጩን አስግጎ ተመልሶ ይመጣል። ጎል ሲገባ ይሁን ሲሳት የሚያውቀው ጓደኞቹ ሲጮሁ ነው።

ይህ ልጅ ያያል። ግን እንደ ሌላው አያይም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ጨርሶ ከማያዩት ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የዓይን ጥናት እንዳገኘው ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። እይታቸው የደከመው ደግሞ 3.7 በመቶ ነበሩ። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ መነሻው የዓይን ሞራ ነበር። ትራኮማም ራሱን የቻለ ድርሻ ነበረው።

ቁጥሩን ያነሳሁት ሁለቱ ሰዎች የሚፈልጉት ነገር ስለሚለያይ ነው። እይታው የደከመው ሰው ትልቅ ፊደልና ደማቅ ቀለም ከተሰጠው ይጫወታል። ጨርሶ ለማያየው ፊደሉን ግድግዳ አሳክላችሁ ብትጽፉለት ምንም አይፈይድለትም። እሱ የሚፈልገው ድምፅ ነው። ጌም ሠሪዎችም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የቀለም ምርጫ አንድ ሁለት ይጨምሩና "ለማየት ለተሳናቸው አመቻችተናል" ይላሉ።

[ድምፅ፦ የጌም ቤት ጫጫታ ይደበዝዛል]

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማየት የተሳነው ተጫዋች ምን ይጎድለዋል? ብዙ ሰው "ችሎታ" ብሎ ያስባል። አይደለም። ጣቱ ደህና ነው፣ ጭንቅላቱ ደህና ነው። የሚጎድለው ወሬው ነው። ጠላት የቱ ጋ ነው? በሩ በየት በኩል ነው? ስንት ጥይት ቀረኝ? ጌሙ ይህን ሁሉ የሚናገረው በሥዕል ብቻ ነው።

ኳስ በራዲዮ የተከታተለ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። የራዲዮ ዘጋቢ ኳሱ በቀኝ መስመር እንደሄደ፣ ማን እንደያዘው፣ ስንት ሜትር እንደቀረው ይነግራችኋል። ዓይናችሁ ሥራ ፈቶ ጨዋታው ፊታችሁ ይሳላል። የቲቪ ዘጋቢ ግን ኳሱን ስለምታዩት ስለ ተጫዋቹ ዝውውር ያወራላችኋል። የፊፋ ጌም ውስጥ ያሉት ዘጋቢዎች እንደ ቲቪው ናቸው። ለዚህ ነው ጅማ ላይ በጣም የሚፈለገው ጌም ጨርሶ ለማያይ ሰው በጣም ከሚያስቸግሩት አንዱ የሆነው። ሃያ ሁለት ሰው ሜዳ ላይ ይሮጣል፤ ኳሱ የት እንዳለ የሚነግራችሁ የለም።

የውጊያ ጌም ግን ሌላ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። እያንዳንዱ ቡጢ የራሱ ድምፅ አለው። ዝላዩም፣ ውድቀቱም እንደዚያው። ዓይነ ስውር ተጫዋቾች ሞርታል ኮምባትን ማንም ሳያመቻችላቸው ለዓመታት የተጫወቱት በዚህ ምክንያት ነው። ድምፁን ይሸመድዱታል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ስትሪት ፋይተር 6 ይህን ነገር ወስዶ አሳደገው። ሴቲንጉ ውስጥ ለድምፅ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ። እናንተና ተጋጣሚያችሁ ስትራራቁና ስትቀራረቡ የሚለዋወጥ ድምፅ አለ። የመጣው ምት ከላይ ይሁን ከታች የሚለይ ድምፅም አለ። ተጋጣሚው ከላያችሁ ዘሎ ጀርባችሁ ሲገባ ደግሞ ሌላ ድምፅ ትሰማላችሁ። እያንዳንዱን መክፈትና መዝጋት፣ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ይህን የወደድኩት በአንድ ምክንያት ነው። ጌሙን አላቀለለውም። ተጋጣሚው ያው ተጋጣሚ ነው፤ ቡጢውም አልተቀነሰም። የተጨመረው ወሬ ብቻ ነው።

[ድምፅ፦ አጭር ጥሪ፣ እንደ ሶናር "ፒንግ"]

በዚህ መስክ ስሙ ሳይነሳ የማይታለፍ ጌም አለ። ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 ይባላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ለፕሌይስቴሽን 4 ወጣ። ከ60 በላይ የተደራሽነት ምርጫ፣ ማለትም አካል ጉዳተኞች እንዲጫወቱት የሚያመቻች ሴቲንግ ነበረው። ዓይነ ስውር ሰዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አጠገባቸው የሚያግዝ ሰው ሳይኖር ጨርሰውታል።

እንዴት? ሜኑውን በድምፅ ያነብላችኋል። መንገድ ሲጠፋችሁ የግራውን መዘውር ወደ ውስጥ ትጫኑታላችሁ፤ ገጸ ባሕሪዋ ራሷ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ትዞራለች። ዕቃ ስትፈልጉ ቅድም የሰማችሁትን የመሰለ ጥሪ ትልካላችሁ። ዕቃው ካለበት በኩል ድምፅ ይመለሳል፤ በግራ ካለ በግራ፣ በቀኝ ካለ በቀኝ። ገደል አፋፍ ስትደርሱ እንዳትወድቁ የሚይዛችሁ ነገር አለ፤ ጆይስቲኩም እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ለደከመ ዓይን ደግሞ መልክዓ ምድሩን ሁሉ አመድማ አድርጎ ወዳጅን ሰማያዊ፣ ጠላትን ቀይ፣ የሚነሳ ዕቃን ቢጫ የሚያደርግ ምርጫ አለው።

ከፈለጋችሁ ደግሞ ኢላማውን ራሱ ያነጣጥርላችኋል። መሬት ላይ ስትተኙ ጠላት እንዳያያችሁ ማድረግም ይቻላል። "ታዲያ ምኑን ተጫወተው?" የሚል አይጠፋም፤ ጌም ቤት ውስጥ ይህን ያላለ ሰው የለም ብትሉኝ አምናለሁ። እኔ ወሬ የሚሰጥን እርዳታና ጨዋታውን የሚያቀልን እርዳታ ለያይቼ ነው የማየው። የመጀመሪያው መብት ነው። ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ የሚመርጠውም ተጫዋቹ እንጂ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው አይደለም።

ቀጥሎ መኪና። ዓይነ ስውር መኪና ይነዳል? በጌም፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የወጣው ፎርዛ ሞተርስፖርት ለዚህ የተሠራ የድምፅ መሪ አለው። መንገዱ ወደየት እንደሚታጠፍ፣ መቼ ፍጥነት መቀነስ እንዳለባችሁ፣ ከመስመር እየወጣችሁ እንደሆነ፣ ማርሽ የምትቀይሩበት ሰዓት፣ ሁሉም ድምፅ አለው። ይህን ሲሠሩ ብራንደን ኮል የተባለ አሜሪካዊ አማካሪ አብሯቸው ነበር። እሱ ራሱ ዓይነ ስውር ተጫዋች ነበር። ቅድም ያነሳነው የ2020ው ጌም ላይም አማክሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 አረፈ። ጥሩ ጥሩ ነገሮች የወጡት እንዲህ ያለ ሰው ከመነሻው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ነው። ካለቀ በኋላ "ና እስኪ ሞክረው" ተብሎ ሲጠራ አይሆንም።

[ምስል፦ የፕሌይስቴሽን 4 ሴቲንግ]

እሺ፣ ይህ ሁሉ ጅማ ላይ ምን ያደርግልናል? አዲስ ማሽን አለን እንዴ? የለንም። ግን ብዙ ጌም ቤቶች ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ራሱ ማንም የማይከፍተው ነገር አለው። ስክሪኑ ላይ አሁን ሴቲንግ ከፍቻለሁ። ወደታች ስወርድ "አክሰሲቢሊቲ" የሚል አለ። እሱን ስጫነው ፊደል ማሳደጊያ፣ ፊደል ማድመቂያ፣ ቀለም መገልበጫ፣ የጀርባና የፊደል ልዩነት ማጉያ ይመጣል። ዙም የሚለውን ከከፈታችሁ የፒኤስ ቁልፉንና ካሬውን አንድ ላይ ስትጫኑ ስክሪኑ ይጎላል። እሱ ትንንሽ ጽሑፍ ለማንበብ ነው፤ እየተጫወታችሁ አይሆንም።

ትልቁ ችግር ግን ድምፅ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ሙዚቃ ተከፍቷል፤ ሦስቱም ቲቪ ይጮሃል። ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የለም። መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ጆይስቲኩን ገልብጡት። ከታች፣ ወደ ሆዳችሁ በሚዞረው በኩል፣ ክብ ቀዳዳ አለች። የስልክ ኢርፎን የሚሰካባት ናት። ሰኩት። ከዚያ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ፣ ኦዲዮ ዲቫይስስ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ኢርፎን የሚሄደውን "ኦል ኦዲዮ" በሉት። ይህን ካላደረጋችሁ የጌሙ ድምፅ ላይመጣ ይችላል። ኮፒ ጆይስቲክ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳዋ ለጌጥ የተቀመጠች ልትሆን ስለምትችል ሌላ ሞክሩ።

ፊፋ ላይ ለሚቀመጠው ለዚያ ልጅም ቀላል ነገር አለ። ጨዋታው ሳይጀመር የማሊያ ምርጫው ላይ ሁለቱን በጣም የሚራራቁ ቀለሞች ያድርግ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ወይም ቀይ። ካሜራውንም ቀረብ ያድርገው። ከሣሩ ጋር የሚመሳሰል አረንጓዴ ማሊያ የመረጠበት ጓደኛ ካለ፣ እሱ ጨዋታ ሳይሆን ተንኮል ነው።

[ምስል፦ ስልክ]

አብዛኞቻችን ግን የምንጫወተው በስልክ ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ የሚባል አንባቢ አለ። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ ስር ታገኙታላችሁ። በብዙ ስልኮች ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ለሦስት ሰከንድ ስትይዙም ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሳያውቁ ከፍተውት "ስልኬ ማውራት ጀመረ" ብለው ወደ ጥገና ቤት የሮጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ገንዘባቸው ይተርፍ ነበር።

ቶክባክ መልእክት ያነባል፣ ቴሌግራም ያነባል። ጌም ስትከፍቱ ግን ዝም ይላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንባቢው የሚያነበው አፑ "ይህ ቁልፍ ነው፣ ስሙ ይህ ነው" ብሎ ለስልኩ ሲነግረው ነው። ጌም ግን ፊደሉንም ቁልፉንም እንደ ሥዕል ይስለዋል። ለአንባቢው ሙሉው ስክሪን አንድ ፎቶ ነው። ጌም ሠሪው ራሱ ንባቡን ካላስገባበት በቀር ቶክባክ የሚያደርገው የለም።

ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ይሻላል። ኤንቪዲኤ የሚባል ነፃ አንባቢ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን የጀመሩት ነው። ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ላይ የኤንቪዲኤን ቁልፍ (ብዙ ጊዜ ኢንሰርት የሚለው ነው) እና አር ፊደልን አንድ ላይ ስትጫኑ ሥዕል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ለይቶ ያነብላችኋል። የእንግሊዝኛ ሜኑ ላለው ጌም ይሠራል። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ድምፁ አማርኛም ይናገራል። ሮቦት ሮቦት ይላል፤ ግን ይገባል።

ከመነሻቸው ለጆሮ የተሠሩ ጌሞችም አሉ። ኤ ብላይንድ ሌጀንድ ለስልክ ወጥቷል። ስክሪኑ ባዶ ነው። ዓይነ ስውር ባላባት ናችሁ፤ ልጃችሁ በድምፅ ትመራችኋለች፤ ሰይፋችሁን በጣታችሁ ትሰነዝራላችሁ። መጀመሪያ ያሰማኋችሁ ዓይነት የሰይፍ ድምፅ የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለኮምፒውተርና ለኤክስቦክስ የወጣው ዘ ቬልም እንደዚሁ ዓይነ ስውር ጀግና ያለው ነው። ሁለቱም እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። እኛ ጋ ያለው ዋናው ማነቆ ይኼ ነው። ኢርፎን ይገኛል፣ ስልክ ይገኛል፤ ከጅማ የሆነ አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ግን ሰይፍ ከመምዘዙ በፊት እንግሊዝኛ መስማት አለበት።

ይህን ደግሞ የምናቃልለው እኛው ነን። ለጆሮ የሚሠራ ጌም ሠዓሊ አይፈልግም፤ ዋጋ የሚያንረው ሥዕሉ ነው። ተረት የሚያወራ ጥሩ ድምፅ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ መቅረጫና ኮድ የሚጽፍ ሰው ካለ ይጀመራል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር የምትማሩ ልጆች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ጨንቋችሁ ከሆነ አማርኛና አፋን ኦሮሞ የሚናገር ገበጣ ሥሩ። ገበጣ ድሮም በእጅ ዳሰሳ ይጫወቱታል፤ ጠጠሩ ይቆጠራል፣ ጉድጓዱ ይዳሰሳል። "ሦስተኛው ጉድጓድ፣ አራት ጠጠር" የሚል ድምፅ ይበቃዋል። ስትጀምሩት ግን ከመጀመሪያው ሳምንት አንስቶ ማየት የተሳነው የግቢያችሁን ተማሪ አብራችሁ አስቀምጡ።

የሠራችሁ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። በድምፅ ብትልኩም እሰማለሁ።