እኛም እንዲህ ነው የተማርነው

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ? እንኳን ወደ ባሕር ዳር በደህና መጣችሁ። በመስኮቱ ጣና ይታያል፤ ዓይናችሁ ወደዚያ ቢሄድ አልቀየምም። ተረኛ ሆናችሁ ዲዩቲ ያደራችሁ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች፣ ኢንተርኖችም ብታንቀላፉ አልቆጣም። ዛሬ የማወራው ስለ እናንተው፣ ስለ ሕክምና ተማሪዎች ጭንቀት ነው።

የሕክምና ተማሪን ምን ያስጨንቀዋል ሲባል ሁላችንም «የትምህርቱ ብዛት» እንላለን። እውነት ነው። አናቶሚው ሳያልቅ ባዮኬሚስትሪው ይደርሳል። በፈተና ሳምንት እንቅልፍ የለም። (ስለ ጫቱ ዛሬ አላነሳም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉባኤ ይፈልጋል።)

ሌላም ሸክም አለ። ልጁ ገና አንደኛ ዓመት ሳለ አገር ቤት «ዶክተር» ተብሏል። በሬ ተሸጦለት የመጣ ልጅ እናቱ ስትደውል «ደህና ነኝ እማዬ» ከማለት ሌላ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ የተባለው የሕክምና መጽሔት በ43 አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ከመቶ የሕክምና ተማሪዎች 27 ያህሉ ድባቴ ወይም ምልክቱ አለባቸው። ከእነሱ ውስጥ ሕክምና የፈለጉት ግን ከመቶ 16 እንኳ አይሞሉም። ሐኪም መሃል እየዋሉ! ለምን አይመጡም? እኛን ስለሚያውቁን ነዋ።

አንድ የራሴን ልናገር። የሆስፒታሉን ስም ልተወውና፣ ከዓመታት በፊት ጠዋት በሽተኞችን በየአልጋው እየዞርን የምናይበት ራውንድ ላይ ነን። ሌሊቱን ሙሉ ሲሯሯጥ ያደረ ኢንተርን ኬዝ ያቀርባል። የበሽተኛውን የደም ምርመራ፣ የፖታሲየሙን ውጤት ጠየቅኩት። ጠፋበት። ወረቀት ያገላብጣል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ታዲያ ሌሊቱን ምን ስትሠራ አደርክ?» አልኩት፣ በሽተኛው ፊት። አስታማሚዋ እናት እንኳ አፍረው አንገታቸውን ደፉ።

ቀትር ላይ ደረጃው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጋውኑን አጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ከቶታል። ሲያየኝ ብድግ አለና ከኪሱ የተጨማደደ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ፖታሲየም 4.1 ይላል። ምንም ችግር የለበትም። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «እኛም እንዲህ ነው የተማርነው» ብዬ ራሴን አጽናንቼ ምሳዬን በላሁ።

ይህችን አባባል እዚህ ያለን ሲኒየሮች ሁሉ እናውቃታለን። ከመምህሮቻችን ወርሰናታል። እኔ ማውረስ አልፈልግም።

ዛሬ ለጉባኤው የሚቀርበው ረቂቅ የውሳኔ ሐሳብ አጭር ነው። ተማሪውን የሚያክመው ሰው ውጤት የሚሰጠው መምህር አይሁን ይላል። ቀላል ይመስላል። ግን ሥነ አእምሮ ክፍል በር ላይ ተራ ስትጠብቁ የነገ ፈታኛችሁ ከውስጥ ብቅ ሲል አስቡት። እኔ ብሆን ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ረቂቁ ከሻይ በኋላ ይነበባል። መጀመሪያ ተማሪዎች ይናገራሉ፤ ሲኒየሮች፣ እባካችሁ፣ ተራችንን እንጠብቅ። ጉባኤው ተከፍቷል።