እግራቸው ተመለሰ፣ እጃቸውስ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ ከባድ ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር። አራት ወር ሊሆናቸው ነው። አሁን በምርኩዝ ይራመዳሉ፤ እጃቸው ግን እንደተንጠለጠለ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ እግራቸው ላይ ብቻ ሠርቶ ይሆን?

መልስ፦ እሱን እንኳ አይጠርጥሩት። ብዙ ጊዜ እግር ይቀድማል። ጉልበት ቀጥ ብሎ ክብደት ከተሸከመ፣ እየተንገዳገዱም ቢሆን ይሄዳል። እጅ ግን ቁልፍ መቆለፍ፣ ማንኪያ መያዝ አለበት። ለዚያ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው መታዘዝ ይኖርበታል። ከእጅም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ትከሻ ይቀድማል፣ ጣት ይዘገያል።

ጣታቸውን ትንሽ እንኳ መዘርጋት ይችላሉ? ብዙ ቤተሰብ የጎማ ኳስ ገዝቶ «ጭመቅ፣ ጭመቅ» ይላል። ከመጨበጡ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን መክፈቱ ነው! ጥቂት ከተዘረጋ ጥሩ ምልክት ነው። እንዲያ ከሆነ ደህናውን እጅ በወፍራም ጓንት ሸፍኖ፣ የደከመውን በቀን ለብዙ ሰዓት የማሠራት ዘዴ አለ። ብዙውን ጊዜ ለ2 ሳምንት ያህል ይሠራል። ፊዚዮቴራፒስቱን ያማክሩት።

በስትሮኩ የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም። የተረፈው ነው ሥራውን የሚማረው፣ የሚማረውም በድግግሞሽ ነው። ስለዚህ ሸሚዛቸውን በቆለፉላቸው ቁጥር ልምምዱን እየቀሟቸው ነው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ለአንድ ቁልፍ አምስት ደቂቃ ሲታገሉ ማየት ያሳዝናል።

አድማጭ፦ ከ6 ወር በኋላ ለውጥ የለም ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይታያል፣ ከዚያ ይዘገያል። ይዘገያል እንጂ በሩ አይዘጋም። እንደ ድሮው ይሆናሉ ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።

ሌላ አድማጭ፦ የባለቤቴ እጅ ከስትሮክ በኋላ ከክርኑ ታጥፎ ገትሮ ቀረ። ትከሻውንም ያመዋል። ከአልጋ ሳስነሳው በዚያ እጁ ነው የምስበው።

መልስ፦ እህቴ፣ በእጁ መሳቡን ዛሬውኑ ይተዉት። ጡንቻው ሲደክም ትከሻውን የሚይዝለት የለም፤ ሲሳብ ከቦታው ይንሸራተታል። ሲቀመጥ ክንዱን ትራስ ላይ ያሳርፉለት። የታጠፈውንም በኃይል አይዘርጉ፤ ቀስ ብለው ዘርግተው ትንሽ ያቆዩት። ካልላላ ሐኪም ይየው፣ ለዚህ የሚሰጥ መድኃኒትና መርፌ አለ።

አድማጭ፦ ታዲያ ሳስነሳው ምኑን ልያዝ?

መልስ፦ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይርገጡ። በደከመው ጎኑ ይቁሙና ወገቡን ደገፍ ያድርጉት። እሱ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ራሱ ይነሣ።