የሄኖክ ኪንታሮትና «ሌባ! ሌባ!»

ቤዛ፦ እሺ፣ ዛሬ ቫይረስን እንድንቋቋም መከላከያችንን ስለሚቀሰቅሱ ሰው ሠራሽ መድኃኒቶች ነው የምናወራው። ሄኖክ አንብቦ መጥቷል።

ሄኖክ፦ አንብቤያለሁ። ግን መጀመሪያ የታክሲዋን ልናገር።

ቤዛ፦ በቃ፣ ተጀመረ።

ሄኖክ፦ አውራ ጣቴ ጎን ኪንታሮት ወጥቶብኝ ነበር። አበባ ጎመን የመሰለች። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ፋርማሲስት ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ኪንታሮቴ አስቸገረኝ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ታክሲው ጸጥ!

ቤዛ፦ (ሳቅ) ወይኔ!

ሄኖክ፦ አጠገቤ ያሉት እናት «የኔ ልጅ፣ መቀመጫው ተመቸህ?» አሉኝ። እጄን እያሳየሁ «የጣት ነው እማማ! የጣት!» እላለሁ። ረዳቱማ «ቆመህ ከሄድክ ሂሳብ አልቀበልህም» አለኝ።

ቤዛ፦ ጥፋቱ የአማርኛ ነው። ለሁለቱም አንድ ስም!

ሄኖክ፦ ያኛው የደም ሥር እብጠት፣ የኔ ደግሞ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ።

ቤዛ፦ ርዕሳችን፣ ሄኖክዬ!

ሄኖክ፦ እየመጣሁ ነው! ጓደኛዬ ኢሚኪሞድ ስለሚባል ቅባት ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ለብልት አካባቢ ኪንታሮት የተፈቀደ ነው። ለጣትህ አልሰጥህም አለኝ። አሠራሩን ሲነግረኝ ግን አበድኩ። ቫይረሱን ራሱ አይነካውም!

ቤዛ፦ ታዲያ ምኑን ነው የሚነካው?

ሄኖክ፦ ዘበኛውን። ሕዋሳችን ውስጥ ቲኤልአር 7 የሚባል አለ፣ ሥራው አርኤንኤ የሚባለውን የቫይረስ የዘር መልእክት ሲያይ መጮህ ነው። ይቺ ላቦራቶሪ የተሠራች ትንሽ ሞለኪውል ሄዳ ትጎነትለዋለች። «ሌባ!» ይላል። ኢንተርፌሮን የሚባል የማንቂያ ፕሮቲን ይለቀቃል፣ ሠፈሩ ዱላ ይዞ ይወጣል። ቆዳው የሚቀላውና የሚያሳክከው ያኔ ነው።

ቤዛ፦ ሌባው ግን እውነት አለ።

ሄኖክ፦ አለ እንጂ! የተኛው ሠፈሩ ነው። ደግሞ ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ? ስሪኤም ኩባንያ። የስኮቹ!

ቤዛ፦ የፕላስተሩ?

ሄኖክ፦ የፕላስተሩ! ሲፈቀድ የትኛውን ዘበኛ እንደሚነካ እንኳ አልታወቀም። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

ቤዛ፦ እናቴም ፌጦ እንዴት እንደሚሠራ አታውቅም። ግን ይሠራል።

ሄኖክ፦ አይ፣ ይሄ ሌላ ነው።

ቤዛ፦ ለምን? ጉንፋን ሲይዘኝ ፌጦ በሎሚ ትሰጠኛለች። ከሳምንት በኋላ ድኜ እነሣለሁ።

ሄኖክ፦ ጉንፋኑ ራሱ በሳምንቱ ይሄድ ነበራ! ኢሚኪሞድ እኮ መድኃኒት ከሌለው ቅባት ጋር ተወዳድሯል፣ ሰዎቹ የትኛው እንደተሰጣቸው ሳያውቁ።

ቤዛ፦ ፌጦንስ ማን አወዳደረው?

ሄኖክ፦ እሺ... ግማሽ ነጥብ።

ቤዛ፦ ለመሆኑ ለምን ክኒን አይሆንም? አንዷን ውጠን ከቫይረስ ሁሉ ብንገላገል?

ሄኖክ፦ የድሮ ምኞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የክትባት ተመራማሪው የሞሪስ ሂልማን ቡድን ፖሊ አይሲ የሚባል ሰው ሠራሽ አርኤንኤ ኢንተርፌሮን እንደሚያስለቅቅ አሳየ። ችግሩ፣ ሰውነት ሙሉ ውስጥ «ሌባ!» ካልሽ ከተማው ሁሉ ነው የሚነሣው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ ቁርጥማት። ቅባት ጥሩነቱ ጩኸቱ አንድ ሠፈር ይቀራል። «ኢሚዩኒቲ ቡስት» የሚል ዕቃ ሳይ እኔ የምፈራው ለዚህ ነው።

ቤዛ፦ አብዛኛው እኮ ማንንም አይቀሰቅስም፣ ሄኖክ። ቫይታሚን ነው።

ሄኖክ፦ እሱም አለ።

ቤዛ፦ ጣትህስ?

ሄኖክ፦ ጠፋች። በራሷ።

ቤዛ፦ ምንም ሳትቀባ?

ሄኖክ፦ እ... እናትሽ ነጭ ሽንኩርት እሰርበት ብለውኝ...

ቤዛ፦ (ሳቅ) አሰርክ!

ሄኖክ፦ ቆዳዬን ነው ያቃጠለው! በራሷ ነው የጠፋችው!

ቤዛ፦ እማዬ፣ ሰማሽ?