መድኃኒቱ ካለ ጥናቱ ለምን?
ከወሎ የደወሉ አድማጮች ጥያቄና የሥነ አእምሮ ባለሙያችን መልስ

ከኮምቦልቻ የደወሉ እናት፦ «ልጄ ስኪዞፍሬንያ የሚሉት ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው ተብላ መድኃኒት ጀምራለች። የሚዋጠው ከታወቀ ጥናት ምን ያደርጋል? ብሩ መድኃኒት ቢገዛበት አይሻልም?»

እናቴ፣ መጠየቅዎ ልክ ነው። መድኃኒቱስ ይታወቃል። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ከተገኘ 70 ዓመት አልፎታል። የቸገረን እሱን ሳያቋርጡ በሽተኛው ዘንድ ማድረሱ ነው። አንድ የደላንታ ገበሬ የታመመ ወንድሙን ይዞ ደሴ ሲመጣ የሁለት ሰው ትራንስፖርት ይከፍላል። ዘመድ ቤት ያድራል። የእርሻ ቀኑ ይቃጠልበታል። የመጀመሪያውን ወር ይመጣል። ሁለተኛውን ተበድሮ ይመጣል። በሦስተኛው ይቀራል፤ ሕመሙም ያገረሻል።

ታዲያ ሕክምናው ጤና ጣቢያ ድረስ ቢወርድስ? ጉራጌ አካባቢ ይኸው ተሞክሯል። ከፊሉ ታካሚ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ዘንድ ታከመ። ከፊሉ ደግሞ ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ዘንድ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት የጤና ጣቢያው ሕክምና ከሆስፒታሉ እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ በግምት አይታወቅም። አሠልጣኝ ይፈልጋል፤ በሽተኛውን ወር ጠብቆ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል፤ ነዳጅ ይፈልጋል። ብሩ የሚሄደው እዚያ ነው። መድኃኒት ብቻ ገዝተን መጋዘን ብናስቀምጠው ለደላንታው ሰው ምን ይፈይድለታል?

ከሐይቅ የደወለ ወጣት፦ «ማን ነው የሚከፍለው?»

ብዙ ጊዜ የውጭ ለጋሽ ነው፣ ወንድሜ። የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የታሰበው፣ ፕራይም የተባለው የጥናት ፕሮግራም በ2011 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ጨምሮ በ5 አገሮች ሲጀመር ገንዘቡ የብሪታኒያ መንግሥት ነበር። መንግሥታት ራሳቸው ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚመድቡት፣ በዓለም ሲታይ፣ 2 በመቶ ገደማ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ለጋሹ ሲወጣ ወረዳው ሥራውን የሚቀጥልበት በጀት መኖር አለመኖሩ ነው።

ከወልዲያ የደወሉ እህት፦ «ከጦርነቱ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ጥናት ነው ብለው መጥተው የደረሰብኝን ሁሉ አስወሩኝ። ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።»

እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። ቁስል ነካክቶ መሄድ ነው ይሄ። የጥናት በጀት ሲያዝ የከፋው ሰው የሚታከምበትም አብሮ መያዝ አለበት። ከእንግዲህ የሚመጣ ካለ «ከነገርኳችሁ በኋላ የት ትልኩኛላችሁ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁት። አልናገርም ማለትም መብትዎ ነው፤ ሕክምና አያስከለክልዎትም። እንቅልፍ ማጣትዎ ግን ይታከማልና ጥናት አይጠብቁ። ሆስፒታል ይሂዱና «እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ የጦርነቱ ነገር ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል» ብለው ልክ ለእኔ እንደነገሩኝ ይንገሯቸው።